የወገብ ልክ

እናት የታናሽ ልጇን ወገብ በየማለዳው መለካት የጀመረችው የትምህርት ዘመኑ ሊገባደድ ሁለት ወር ሲቀረው፣ በአንድ ዓርብ ቀን ነው። ከዚያ ዓርብ ወዲህ ልጅቷ የደንብ ልብሷን ከመልበሷ በፊት ወደ ስፌት ክፍሉ ገብታ፣ ሸሚዟን ወደ ላይ ሰብስባ፣ ክንዶቿን ከጎኗ አራርቃ መቆም ነበረባት። ቢጫው ሜትር ወገቧን ይዞራል፤ እናት ቁጥሩን ታነባለች፤ ከመስተዋቱ ጎን ባለው ግድግዳ ላይ በልብስ ጠመኔ ትጽፈዋለች። ስልሳ አንድ። በማግስቱም ስልሳ አንድ። እሑድ ልጅቷ የተለካችው ከቁርስ በኋላ ስለነበር ቁጥሩ ስልሳ ሁለት ሆነ፤ የዚያን ዕለት እናት ምሳ አልበላችም።

ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ልብስ ሊያሰፉ የሚመጡ ደንበኞች ከቅጥነቷም ከምላሷም የተነሳ «መርፌ» ብለዋት፣ ስሙ ከደንበኞቹ ወደ ጎረቤት፣ ከጎረቤትም ወደ ክፍል ጓደኞቿ ተሻግሮ ቀርቷል። አባቷ ከሞተ ወዲህ ቤቱ የሦስት ሴቶች ቤት ነው፦ የልብስ ሰፊዋ እናት፣ በጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ የሆነችው የሃያ አራት ዓመቷ ታላቅ እህቷና እሷ። ታላቋ ታጭታለች። እጮኛዋ በሌላ ከተማ የሚሠራ መሬት ቀያሽ ነው፤ ሠርጉ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ነጩን ቀሚስ ደግሞ እናት በገዛ እጇ እየሰፋችው ነው።

ነገሩ ሁሉ የመጣው በዚያ ቤት ቆሻሻ ስለማይጣል ነው። እናት በየማታው የቆሻሻውን ቅርጫት ጋዜጣ ላይ ትገለብጥና የወደቀ ቁልፍ፣ ገና የሚያገለግል ዚፕ፣ ለትራስ ሙሊት የሚሆን ቁርጥራጭ ትለቅማለች። ከእሷ ሊደበቅ የሚፈለግ ነገር ቅርጫት ውስጥ አይገባም፤ በኪስ ተይዞ ይወጣል እንጂ። ስለዚህ ታላቅ እህት ከዚያ ዓርብ አሥራ አንድ ቀን ቀድሞ በዋለው ሰኞ ጠዋት በደብተር ወረቀት የተጠቀለለ ትንሽ ነገር ለመርፌ ሰጥታ፣ የጨጓራ መድኃኒት ማሸጊያ ነው፣ እማዬ አይታ እንዳትጨነቅ መንገድ ላይ ጣይልኝ አለቻት። መርፌ የጂኦሜትሪ ሳጥኗ ውስጥ ከተተችው። ከዚያም ረሳችው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የእናት ማስመሪያ ጠፋ። የእሷ ማስመሪያ በጠፋ ቁጥር እንደምታደርገው የልጇን የጂኦሜትሪ ሳጥን ከፈተች። መርፌ ከትምህርት ቤት ስትገባ የተፈታው ወረቀት፣ ባዶው ማሸጊያና እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈው ማብራሪያ በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ጠበቋት። በማብራሪያው አናት ላይ በደማቁ «ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ» የሚል ተጽፏል።

«ይህ ምንድን ነው?» አለች እናት። ስትቆጣ ድምጿ የሚወርድ ሴት ናት።

ታላቅ እህት ጥግ ላይ ቆማ ትተኩሳለች። መርፌ ወደ እሷ አየች። ካውያው የሸሚዙን አንገትጌ ዞረ፤ ወደ ትከሻው ወረደ፤ ወደ እጅጌው ተሻገረ። እህቷ ቀና አላለችም።

«የኔ አይደለም» አለች መርፌ።

«የማን ነው ታዲያ? የኔ ነው?»

መርፌ ዳግመኛ ወደ ጥጉ አየች። ካውያው ያንኑ እጅጌ ደገመው፤ እንደገናም ሠለሰው። በዚያች ቅጽበት አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። ግን አልተናገረችም፤ እህቷ አሁን ትናገራለች፣ አሁን ትናገራለች እያለች ጠበቀች። ጥበቃዋ ደግሞ ለእናት መልስ ሆነ። ጥፊው ሲያርፍባት እንኳ ዓይኗ ካውያው ላይ ነበር።

በማግስቱ መለካቱ ተጀመረ። በመለካቱም ብቻ አላበቃም። እናት ለመርፌ ከሚያስፈልገው በላይ አንድ ቃል አትጨምርላትም፤ ወደ ነጩ ቀሚስ ስትጠጋ «በዚያ እጅሽ እንዳትነኪው» ትላታለች፤ ደንበኛ ሲኖር ደግሞ ሽንት ቤት ስትሄድ እንኳ ተነስታ በር ላይ ትቆማለች። መርፌ ማስታወክ ይቅርና ብታስነጥስ ትጠየቃለች።

እህቷ ያነጋገረቻት ቅዳሜ፣ ሁለቱ ብቻቸውን ጓሮ ልብስ ሲያሰጡ ነው። አንድ ስህተት ተፈጥሯል አለች፤ እጮኛዋ ለሽምግልናው ጉዳይ መጥቶ በነበረበት ሰሞን ነው፤ ደንግጣ በማግስቱ ኪኒኑን ወስዳለች፤ ይሥራ አይሥራ ግን የወር አበባዋ እስኪመጣ አታውቅም፤ ቀኑም ገና ነው። ይህን ሁሉ የተናገረችው ወደ ገመዱ እያየች ነው።

«ታዲያ ንገሪያት እትዬ» አለች መርፌ።

«አብደሻል? እማዬ ለስንቱ ሰው ‹የኔ ልጅ እንደሌሎቹ አይደለችም› ብላለች መሰለሽ? ይህን ብትሰማ እዚያው ትወድቃለች። አንቺን ግን ሁለት ሳምንት ብታኮርፍሽ ምን ትሆኛለሽ?»

«እያኮረፈች አይደለም። እየለካችኝ ነው።»

«አታካብጂ። ይምጣልኝ ብቻ፣ እኔው ራሴ እነግራታለሁ። አባቴ ይሙት።»

«አባታችንማ ሞቷል» አለች መርፌ።

እህቷ መሳቅ ፈለገች፤ መርፌ ግን አልሳቀችም። ሆኖም ተስማማች። የተስማማችው ስለሳሳችላት ብቻ አይደለም፤ እህቷ ራሷ ካልተናገረች የእሷን ቃል ማን ያምናል በሚል ስሌትም ጭምር ነው። እናት ስለ ታላቋ ስትናገር «የኔ ልጅ» ትላለች፤ ስለ ታናሿ ስትናገር «ይህቺ ልጅ»።

ሁለት ሳምንት ዝም ማለት ምናልባት ይቻል ነበር። ሰኞ ግን የሒሳብ መምህሩ በክፍሉ ፊት አስቆማት። በሳይንስ ትምህርት የሚታወቅ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ለመጨረሻው ፈተና ከመረጣቸው አራት ተማሪዎች አንዷ እሷ ናት። ፈተናው የሚሰጠው በሳምንቱ ማብቂያ ሳይሆን በቀጣዩ ሳምንት ቅዳሜ ነው፤ ያለፉት በወሩ ውስጥ ገብተው የማካካሻ ትምህርት ይጀምራሉ፤ እስከዚያኛው ዓርብ ጠዋት ድረስ ግን ወላጅ የፈረመበት ቅጽ መግባት አለበት። መምህሩ ሽቅርቅርና ቀልደኛ ሰው ነው። የዚህች ልጅ ጭንቅላት እንደ ወገቧ ቀጭን አይደለም ብሎ አሳቀባት። መርፌም አብራ ለመሳቅ ሞከረች።

ማታውኑ ቅጹን ለእናቷ ሰጠች። እናት አነበበችው፤ እንደገና ከመጀመሪያው አነበበችው። በሌላ ጊዜ ቢሆን ለጎረቤቱ ሁሉ ታሳየው ነበር።

«ደምሽን በዓይኔ ሳላይ አልፈርምም» አለች። «አዳሪ ቤት ገብተሽ፣ ሆድሽ ገፍቶ፣ ስሜን ልታሰድቢ ነው?»

እንግዲህ የመርፌ ነገር በሁለት ደም ላይ ተንጠለጠለ። አንደኛው የእህቷ ነው፤ ከመጣ እህቷ ትናገራለች። ሁለተኛው የራሷ ነው፤ ከመጣ እናቷ ትፈርማለች። ሁለቱም ግን ሊመጡ አልቻሉም። የእህቷ ቀን እሑድ ነበር፤ እሑድ አለፈ፤ ማክሰኞም አለፈ። የመርፌ ደግሞ ዱሮም ቀን አያውቅም፤ ከጀመረች ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላትም፤ አንዳንዴ በሃያ አምስት ቀን፣ አንዳንዴ በአርባ ይመጣል። አሁን አርባኛው ቀን ደርሷል። ምንም እንዳላደረገች አሳምራ ታውቃለች። ይሁንና በየጠዋቱ ሜትሩ ሲያርፍባት እሷም ቁጥሩን በጉጉት መጠበቅ ጀመረች፤ አንድ ቀን ስልሳ አራት ሲባል ደነገጠች። ያላደረገችውን ነገር መፍራት እንደምትችል ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

ዓርብ እህቷ ወደ ሥራ ስትሄድ የእርግዝና መመርመሪያ መግዣ ገንዘብ አስጨበጠቻት። እሷ እንዳትሄድ በሐኪም ቤቱ ሠፈር ያሉ ፋርማሲስቶች ሁሉ ያውቋታል፤ ከሠፈሩ ራቅ ካለው ገዝታ ታምጣላት። መርፌ የደንብ ልብሷን በእህቷ ጃኬት ሸፍና ሄደች። ጃኬቱ ግን አጭር ነበርና የትምህርት ቤቱ ቀሚስ ከሥሩ ብቅ ብሎ ይታያል።

ፋርማሲው ውስጥ የሳል ሽሮፕ የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ። ፋርማሲስቷ መነጽሯን በአንገቷ ያንጠለጠለች፣ ጸጉሯን ያሳጠረች ሴት ናት። መርፌ በሹክሹክታ የእርግዝና መመርመሪያ ጠየቀቻት።

«ለማን ነው?»

«ለእህቴ።»

«ለእህቷ ያልሆነ ልጅ እዚህ መጥታ አታውቅም» አለች ፋርማሲስቷ ሳትስቅ። ሽማግሌው ግን ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረባቸው፤ ሽሮፓቸውን ይዘው እያሳሉ ወጡ። በሩ ላይ ዘወር ብለው ቀሚሷን ከታች እስከ ላይ አዩት።

ብቻቸውን ሲቀሩ ፋርማሲስቷ መነጽሯን አደረገችና ድምጿን ለወጠች። እህት ተብዬዋ ምን እንደወሰደች፣ መቼ እንደወሰደች፣ ስንት ቀን እንዳለፋት ጠየቀች። መርፌ ከወሰደች አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆኗታል፣ አምስት ቀን አልፏታል ብላ መለሰች። ፋርማሲስቷ እንደ መድኃኒት ቤት ሰው ሳይሆን እንደ አስተማሪ አስረዳቻት። ያ ኪኒን የወር አበባን ቀን ሊያፋልስ ይችላል፤ አንዷን ያስቀድማታል፣ ሌላዋን በሳምንት ያህል ያዘገያታል፤ መዘግየቱ ብቻውን እርግዝና ነው ማለት አይደለም። ከሳምንት በላይ ከዘገየ፣ ወይም ነገሩ ከሆነ ሦስት ሳምንት ከሞላ፣ መመርመር ነው። ዛሬ ብትመረምር ምርመራው እውነቱን ላይነግራት ይችላል፤ ሰኞ ግን ይነግራታል። ከሁሉም ደግሞ ሐኪም ቤት ሄዶ መጠየቅ ይሻላል፤ በዚህ የሚያፍር ሰው በባሰውም ጊዜ ያፍራል። ብላ ብላ ስታበቃ ልጅቷን ትኩር ብላ አየቻት።

«አንቺስ? የራስሽ ይመጣል?»

መርፌ አርባ ሦስት ቀን እንደሆናት ነገረቻት። ምንም ግን አላደረግሁም አለች።

«በዚህ ዕድሜ ይዛባል። ጭንቀትም ያስቀረዋል። የሚያስጨንቅሽ ነገር አለ?»

«የወገብ ልክ ያሳያል?»

«ምኑን?»

«እርግዝናን። በሜትር ቢለካ።»

«በዚህ ጊዜ?» አለች ፋርማሲስቷ። «ሜትር በዚህ ጊዜ የሚያሳየው ቁርስ መብላትሽን ነው።»

መመርመሪያውን በሦስት ወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻት። መርፌ ካልሲዋ ውስጥ ደብቃ ቤት አደረሰችው። የሰማችውን ሁሉ ስትነግራት እህቷ ሰኞን ለመጠበቅ ተስማማች፤ እሽጉንም የክረምት ቦቲዋ ጫፍ ውስጥ ወተፈችው። ሰኞ ጠዋት ግን ፈራች። ማክሰኞ አደርገዋለሁ አለች። ማክሰኞ ሳይነጋ መታጠቢያ ቤት ገብታ ስትወጣ ፊቷ ልክ እንደ ሕፃን ፊት ተፈትቶ ነበር።

«መጣ» አለች። መርፌን አንገቷን ይዛ ሳመቻት፤ ትከሻዋ ላይ ትንሽ አለቀሰችባት። መመርመሪያው ከነእሽጉ ቀረ። እህት ሥራ አልሄደችም፤ ሁልጊዜ የመጀመሪያዋን ቀን እንደምታሳልፈው ሆዷን ይዛ፣ አልጋ ላይ ተጣጥፋ፣ ሙቅ ውኃ የሞላ ጠርሙስ አቅፋ ዋለች። ብርድ ነው አለቻት እናቷን።

መርፌ ደስ አላት። ያን ቀን በትምህርት ቤት የሰማችውን አንድም ነገር አታስታውስም፤ ማታ ቤት ውስጥ የሚነገረውን ዓረፍተ ነገር ብቻ በልቧ ትጽፍ ትሰርዝ ነበር። ራት ቀረበ። እህቷ ስለ አበባ አወራች። ነጭ አበባ በፎቶ ላይ ከነጭ ቀሚስ ጋር ይጠፋል ወይስ አይጠፋም የሚለውን ከእናት ጋር ሲከራከሩ ራት ተነሳ። ረቡዕ ጠዋት ወገቧን ከተለካች በኋላ መርፌ ታገሠች። ረቡዕ ማታ ግን እህቷን ጓሮ ጠርታ መቼ ነው የምትነግሪያት አለቻት።

«ምኑን?» አለች እህቷ።

አየሽ፣ አለች፣ ነገሩ እኮ አለፈ። ምንም አልተፈጠረም። ያልተፈጠረ ነገር ምን ተብሎ ይነገራል? ቢነገርስ ማን ይጠቀማል? እማዬ ትታመማለች፤ ሠርጉ ይረበሻል፤ የእጮኛዋ እናት እንደሆነች ወሬ በአፍንጫዋ የምታሸት ሴት ናት።

«ቃል ገብተሽልኝ ነበር።»

«ፋራ አትሁኚ። አንቺ የምትፈልጊው ፊርማ ነው አይደል?»

ወደ ውስጥ ገብታ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ወጣች። መርፌ ሳትከፍተው አወቀችው።

«እሷም የምትፈልገው ማየት ነው» አለች እህቷ። «የኔን ደም አሳያት። ማን ያውቃል? ትፈርማለች፣ ትገላገያለሽ። እኔም የበደልኩሽን ካስኩ ማለት ነው።»

የሰጠቻት ከልቧ ነው፤ የከፋውም እሱ ነው። ፊቷ ላይ ስጦታ የሚሰጥ ሰው ፊት ነበር።

መርፌ ሌሊቱን አሰበች ማለት አይቻልም፤ ጥቅሉን ከአልጋዋ ሥር አድርጋ ተኛች። ለቅጹ የቀረው ሐሙስ ብቻ ነው። የራሷ ደም ሐሙስም አልመጣም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጥቅሉን አንስታ ወደ ስፌት ክፍል ገባች፤ እማዬ አለች፤ እጇን ዘረጋች። በሕይወቷ እንደዚያ ያፈረችበት ጊዜ የለም። ያፈረችው ደግሞ በውሸቱ ብቻ አይደለም። የገዛ ሰውነቷን በሌላ ሰው ሰውነት ማስመስከሯ አሳፈራት።

እናት ጥቅሉን ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ጨርቅ ስትገዛ ነውር እንደምትፈልገው በብርሃን ፈታ አየችው። መልሳ ጠቀለለችው።

«ደህና» አለች። «ቅጹን አምጪ።»

ፈረመች። ፊርማዋ እንደ ስፌቷ የጠበቀና ቀጥ ያለ ነው። ግድግዳው ላይ ያሉትን ቁጥሮች በእርጥብ ጨርቅ ጠረገቻቸው፤ የጠመኔው ነጭ ደመና ብቻ ቀረ። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታ እንዲህ አለች፦

«ኪኒኑ ሠርቷል ማለት ነው። እግዚአብሔር ጠብቆሻል። ሁለተኛ ግን አይጠብቅሽም።»

መርፌ ቅጹን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ስታስበው የነበረው ሁሉ አንድ ጎን ብቻ እንደነበረው ያን ጊዜ ገባት። ደሙ የሚመሰክረው አለማርገዟን ነው። ንጹሕ መሆኗን አይመሰክርም። እንዲያውም ኪኒኑ የእሷ እንደነበር፣ መውሰዷንም፣ እንደበጃትም አረጋገጠባት። ፊርማውን አገኘች፤ ስሟን ግን በገዛ እጇ አስረከበች።

ዓርብ ጠዋት ቅጹን ለትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ሰጠች። ጸሐፊዋ ማኅተም መታችበትና የፈተና መግቢያ ካርድ ሰጠቻት። ተፈታኞች ከሰዓት በኋላ እንዲያርፉ ተፈቅዶላቸው ስለነበር እኩለ ቀን ላይ ቤት ደረሰች። እናት ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በደህና ድምፅ ጠራቻት።

«እጅሽን ታጠቢና ነይ። ነገ የሙሽራው እናት ቀሚሱን ልታይ ትመጣለች፤ አልደረስኩም።»

ነጩ ቀሚስ በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተገልብጦ ተዘርግቷል። መርፌ እጇን ሁለቴ ታጠበች። እናት አፏ በስፒል ተሞልቶ፣ በአንድ ጎኑ እየተናገረች ሥራውን ሰጠቻት፦ የወገቡን ገበር ፈትታ በሁለቱም ጎን ያለውን ትርፍ ወደ አንድ ጣት አውርዳ ትቁረጠው፤ ከዚያ ገበሩን መልሳ ትስፋ።

መርፌ ገበሩን ፈታች። ፈታችና እጇ ቆመ። ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ በዚያ ክፍል ያደገች ልጅ ናት፤ የወገብ ትርፍ አንድ ጣት እንደሆነ፣ ለጥንቃቄ ቢባል አንድ ጣት ተኩል እንደሆነ ታውቃለች። ከዚያ የበለጠ ትርፍ የሚተወው ለአንድ ዓይነት ደንበኛ ብቻ ነው፤ ሆዷ ለሚገፋ ሴት። እዚህ ነጭ ጨርቅ ውስጥ የታጠፈው ትርፍ በየጎኑ አራት ጣት ነበር። አራት ጣት፣ በሁለት ጎን፣ ሲዘረጋ ከሦስት ወር በላይ ይሸፍናል።

እናቷ ይህን ወገብ የቆረጠችበት ቀንም ትዝ አላት። ማሸጊያው በተገኘ ማግስት ነው፤ እሷን ከለካቻት በኋላ የተሰካካውን ወገብ በሙሉ ፈትታ እንደ አዲስ ቆርጣዋለች። ዛሬ ደግሞ ትርፉ አያስፈልግም። ማክሰኞ የሆነው ነገር ሆኗልና።

«ይህን አራት ጣት ለምን ነበር የተውሽው?» አለች መርፌ።

«ሙሽራ አትወፍርም ያለሽ ማን ነው?»

«ታዲያ ዛሬ ለምን ይቆረጣል?»

እናት ስፒሎቹን ከአፏ እያወጣች አንድ በአንድ ትራሱ ላይ ሰካቻቸው።

«እህትሽ ከልጅነቷ ጀምሮ የመጀመሪያውን ቀን ተጣጥፋ ነው የምትውለው» አለች። «ማክሰኞ ተጣጥፋ ዋለች። የወለድኳትን የማላውቅ መሰለሽ?»

«ትናንት ያሳየሁሽ የማን እንደሆነ ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ከመጀመሪያውም።»

«ከመጀመሪያው ጠርጥሬ ነበር። ካውያውን አየሁት። አንድ እጅጌ አራት ጊዜ አይተኮስም።»

መርፌ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ለምን ለካሽኝ ታዲያ ብላ ጠየቀች፤ ድምጿ እንደ እናቷ ወደ ታች ወረደ።

«እሷ እንድታይ ነው» አለች እናት። «በየጠዋቱ ስጨክንብሽ እያየች ዝም ማለት የምትችል እህት አለች? ዛሬ ትናገራለች፣ ነገ ትናገራለች አልኩ። አልተናገረችም።» ጨርቁን በመዳፏ አለሰለሰችው። «ካልተናገረች በኋላ ደግሞ ምን ላድርግ? ለሠርጓ ሰው ተጠርቷል፤ አማቾቿ ቤቴን ያውቁታል። አንቺ ልጅ ነሽ። ልጅ ላይ የወደቀ ነገር ይረሳል። እኔም እረሳዋለሁ።»

«የምትረሺው ምንድን ነው? እኔ ምንም አላደረግሁም።»

«እሱንም አውቃለሁ» አለች እናት። ወደ መኪናዋ ተመለሰች፤ መርገጫውን ረገጠች።

መርፌ መቀሱን አነሳችና ትርፉን በሁለቱም ጎን ወደ አንድ ጣት አውርዳ ቆረጠችው፤ አንድ ክር እንኳ ሳይዛነፍ። ገበሩን መልሳ በእጇ ሰፋችው። እናት መጥታ ስፌቱን በጥፍሯ ዳስሳ ጥሩ ነው አለች፤ ከእሷ አፍ እንዲህ ያለ ቃል እንደ ዋዛ አይወጣም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ታላቅ እህት ከሥራ ገባች። ቦርሳዋን ወንበር ላይ ወርውራ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ቀሚሱን ከጠረጴዛው አንስታ በላይዋ ለካችው፤ በመስተዋቱ ፊት ግራ ቀኝ ዞረች። ወገቡ ልክ መጣ። ለመርፌ በመስተዋቱ ውስጥ ዓይኗን ጠቅሳ፣ የነገዋ ተፈታኝ እንዴት ነሽ አለቻት፤ እንዳለፍሽ ቁጠሪው አለች፤ ከዚያም ወደ ራሷ ነገር ተመለሰች። በሠርጉ ዕለት ከኋላዋ ሆኖ ይህን ረጅም ጨርቅ የሚይዝላት ሰው ያስፈልጋል። እንግዳ ሰው አትፈልግም፤ የምታምናት እህቷ ካለች ይበቃታል። እናት ከመኪናዋ ቀና ሳትል ትይዝላታለች አለች።

መርፌ የወዳደቀውን ነጭ ቁርጥራጭ ከወለሉ ለቅማ ተነሳች።

«ካለፍኩ ከሠርጉ በፊት ባለው ሳምንት እገባለሁ» አለች። «ባላልፍም ሠርጉ ላይ አልገኝም።»